ካርታው ቦርሳቸው ውስጥ ነበር

ረጅም የእግር ጉዞ ያሰበ ሰው ሁሉ አንድ ቀን የሚያነሳው ጥያቄ አለ። "መንገዱ ምልክት ካለው ካርታ መያዝ ምን ይሠራል?" ይላል። የሞኝ ጥያቄ አይደለም። ለወራት ቤታችሁን በጀርባችሁ ተሸክማችሁ ስትሄዱ እያንዳንዷ ግራም ትሰማለች። ማታ ድንኳን ውስጥ ዕቃችሁን ስታገላብጡ ለሳምንታት ያልተከፈተ የታጠፈ ወረቀት ታገኛላችሁ። ለምን እንደተሸከማችሁት ግራ ይገባችኋል።

እኔ ይህን ጥያቄ በሰማሁ ቁጥር የማስበው አንድ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 አሜሪካ፣ ሜይን ግዛት ውስጥ የደረሰ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ቀኖች ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው፤ ሰዓቱን ግን በእኛ ቆጥሬዋለሁ። ታሪኩ የአንዲት የ66 ዓመት እናት ነው። ስማቸውን አላነሳም፣ ቤተሰብ አላቸው። የሆነው ነገር ግን የታወቀ ነው። የሜይን ዋርደን አገልግሎት፣ ማለትም በጫካ የጠፉ ሰዎችን የሚፈልገው የግዛቱ መሥሪያ ቤት፣ ጉዳዩን መርምሮ ከ1,500 ገጽ በላይ የሚሆነው መዝገብ በ2016 ለሕዝብ ይፋ ሆኗል። እኔን እስካሁን የሚከነክነኝ በመዝገቡ ውስጥ ያለች አንዲት ትንሽ ነገር ናት። እሷን ወደኋላ እነግራችኋለሁ። በቅድሚያ መንገዱን እንወቀው።

አፓላቺያን ትሬይል በምሥራቅ አሜሪካ ተራሮች ላይ የተዘረጋ የእግር መንገድ ነው። ከጆርጂያው ስፕሪንገር ተራራ ይነሳል፣ 14 ግዛቶችን ያቋርጣል፣ ሜይን ውስጥ ካታዲን ተራራ አናት ላይ ያበቃል። ርዝመቱ ወደ 3,500 ኪሎ ሜትር ነው። ሐሳቡን ያቀረበው ቤንተን ማካይ ነው፣ በ1921። መንገዱ ከዳር እስከ ዳር የተገናኘው በ1937 ነው። ተጓዡን የሚመራው ነጭ ቀለም ነው። ዛፍ ግንድ ላይ ወይም ድንጋይ ላይ፣ ወርዱ 5 ቁመቱ 15 ሴንቲ ሜትር ሆኖ የተቀባ ነው። ሁለት ነጭ አንዱ ካንዱ በላይ ካያችሁ መታጠፊያ አለ፣ ልብ በሉ ማለት ነው። ሰማያዊ ከሆነ ወደ ውኃ፣ ወደ መጠለያ ወይም ወደ ሌላ ቦታ የሚገነጠል መንገድ ነው።

ምልክቱ እጅግ ጥሩ ነው። አዘናጊ የሚያደርገውም ይኸው ጥሩነቱ ነው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ዓይን ከቀለም ወደ ቀለም መዝለልን ይለምዳል። እግር በራሱ ይሄዳል። ብዙ ተጓዦች መጠለያው፣ ውኃውና መኪና መንገዱ በስንት ርቀት እንዳለ የሚነግር ትንሽ መጽሐፍ ወይም የስልክ አፕ ብቻ ይዘው ይጨርሱታል። እውነቱን ለመናገር መንገዱ ላይ እስካላችሁ ድረስ እሱ ይበቃል። ካርታ አያስፈልግም የሚሉት ሰዎች የሚሉት ይህንን ነው፣ ተሳስተዋልም አልልም። የዘነጉት ግን ከመንገዱ የሚወጣበትን ደቂቃ ነው።

እኚህ እናት ጡረታ የወጡ ነርስ ነበሩ። ከአንዲት ጓደኛቸው ጋር ሆነው በ2013 ኤፕሪል መጨረሻ ላይ ዌስት ቨርጂኒያ ካለችው ሃርፐርስ ፌሪ ወደ ሰሜን ጉዞ ጀመሩ። ባለቤታቸው በመኪና እየቀደሙ፣ መንገዱ አስፋልት በሚያቋርጥባቸው ቦታዎች እየጠበቁ ስንቅ ያቀብሏቸው ነበር። ጓደኛቸው በቤተሰብ ጉዳይ ጁን መጨረሻ ላይ ወደ ቤት ተመለሱ። እሳቸው ብቻቸውን ቀጠሉ። ሜይን ሲደርሱ ወደ 1,500 ኪሎ ሜትር በእግራቸው ሄደው ነበር። እንግዲህ ጀማሪ አይደሉም። ይህ ነገር ለእኔ ትልቅ ትርጉም አለው፤ "እሳቸው ልምድ ስላልነበራቸው ነው" ብሎ ጉዳዩን ገፋ ማድረግ አይቻልምና።

ጁላይ 22 ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ፖፕላር ሪጅ ከተባለው መጠለያ ሊነሱ ሲሉ አንዲት ተጓዥ ፎቶ አነሳቻቸው። ቀይ ልብስ ለብሰዋል፣ ቦርሳቸውን አዝለዋል፣ ፊታቸው ላይ ሰፊ ፈገግታ አለ። ዕቅዳቸው በማግስቱ ሩት 27 ከተባለው አውራ ጎዳና ላይ ከባለቤታቸው ጋር መገናኘት ነበር።

ረፋዱ 5 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ላይ ለባለቤታቸው በስልክ አጭር መልእክት ጻፉ። ይዘቱ እንዲህ ነው፦ ችግር ላይ ነኝ። ለመጸዳዳት ከመንገዱ ወጥቼ ነበር፣ አሁን ጠፍቻለሁ። መንገዱን የሚንከባከቡትን ማኅበር ደውለህ የሚረዳኝ ሰው ካለ ጠይቅልኝ። ከጫካው መንገድ በስተሰሜን የሆነ ቦታ ነኝ።

ኔትወርክ አልነበረም። መልእክቱ አልሄደም። በሚቀጥለው አንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ አሥር ጊዜ ደጋግመው ሞከሩ። ኔትወርክ ፍለጋ ከፍ ወዳለ ቦታ ወጡ። በማግስቱ ከቀኑ 10 ሰዓት ከ18 ላይ ሌላ መልእክት ጻፉ። ከትናንት ጀምሮ እንደጠፉ፣ ከመንገዱ ሦስት ወይም አራት ማይል እንደራቁ፣ ፖሊስ እንዲጠራላቸው። እሱም አልሄደም።

ባለቤታቸው ጁላይ 24 ቀን መጥፋታቸውን አመለከቱ። በግዛቱ ታሪክ ከታዩት ትላልቅ ፍለጋዎች አንዱ ተጀመረ። ዋርደኖች፣ ውሾች፣ አውሮፕላን፣ በጎ ፈቃደኞች፣ ሁሉም ወጣ። አልተገኙም።

የተገኙት ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ ነው፣ ኦክቶበር 14 ቀን 2015። ቦታው የአሜሪካ ባሕር ኃይል ወታደሮች በዱር መኖርን የሚሠለጥኑበት መሬት ነው። ለባሕር ኃይሉ የመሬት ጥናት ይሠራ የነበረ ባለሙያ የወደቀ ድንኳን አየ። እኚህ እናት ዛፍ ጥቅጥቅ ባለበት ጉብታ ላይ ሠፍረው፣ ቢያንስ 26 ቀን በሕይወት ቆይተዋል። ይህ የታወቀው ከማስታወሻ ደብተራቸው ነው። ኦገስት 6 ቀን ለሚያገኛቸው ሰው በጻፉት ገጽ ባለቤታቸውንና ልጃቸውን እንዲጠራላቸው ለምነዋል፣ የቱንም ያህል ዓመት ቢያልፍ። የመጨረሻው ጽሑፍ ኦገስት 18 የሚል ቀን አለው። አስከሬን የመረመረው ሐኪም የሞታቸው ምክንያት የምግብና የውኃ እጦት፣ ከብርዱና ከዝናቡ ጋር ተደምሮ መሆኑን ጻፈ።

ከሠፈሩበት ቦታ እስከ ትሬይሉ ድረስ ያለው ርቀት፣ ወፍ በምትበርበት መስመር፣ 3 ኪሎ ሜትር አይሞላም።

አሁን ያቺን ነገር ልንገራችሁ። ድንኳኑ አካባቢ ከተገኙት ዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ የዝናብ ልብስ አለ፣ ብርማ ብርድ ልብስ አለ፣ ገመድ አለ፣ ፌስታሎች አሉ፣ ከሁለት ዓመት በኋላም የሚበራ የእጅ ባትሪ አለ። ካርታም አለ።

ይህን ያነበብኩ ቀን ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ ቁጭ አልኩ። "ካርታ ይያዝ ወይስ አይያዝ?" ለሚለው ክርክር ሁለቱም ወገን የሚጠቅሰው ጉዳይ ሊሆን ይችላል። አንዱ "አያችሁ፣ ካርታ አላዳናቸውም" ይላል። ሌላው "ካርታ ይያዝ" ከማለት አይመለስም። እኔ ግን ጥያቄው ራሱ የተሳሳተ ቦታ ላይ የተተከለ ይመስለኛል። ካርታ ቦርሳ ውስጥ መኖሩ ብቻውን የትም አያደርስም። ካርታ የሚሠራው ከመጥፋታችሁ በፊት ነው። ከጠፋችሁ በኋላ የምታወጡት ካርታ "አንተ እዚህ ነህ" የሚል ነጥብ የለውም። የት እንዳለ የማያውቅ ሰው ካርታ ሲዘረጋ የሚያየው ብዙ አረንጓዴና ብዙ ጠመዝማዛ መስመር ነው። ሁሉም ጉብታ የሱ ጉብታ ይመስለዋል።

አብረዋቸው የተጓዙት ጓደኛቸው ለመርማሪዎች እንደተናገሩት፣ እኚህ እናት አቅጣጫ ቶሎ ይጠፋባቸው ነበር፣ ኮምፓስ መጠቀምም አይችሉም ነበር። ይህን የምጠቅሰው ለመውቀስ አይደለም። በዚያ መንገድ ላይ በየዓመቱ ከሚሄዱት ሰዎች ስንቶቹ ኮምፓስ ይችላሉ? ቀለሙ እያለ ማን ይጠይቃችኋል? 1,500 ኪሎ ሜትር በሰላም ሄዳችሁ "እችላለሁ" ብትሉ ማን ይፈርድባችኋል?

ያቺን የመጀመሪያ መልእክት ደግማችሁ አንብቧት። "ከጫካው መንገድ በስተሰሜን የሆነ ቦታ።" ይህ ባዶ ዓረፍተ ነገር አይደለም። ከትሬይሉ ሌላ የሆነ አንድ የጫካ መንገድ እንዳቋረጡ ያውቃሉ። ከመንገዱ በየት በኩል እንዳሉም ያውቃሉ። ካርታ ማንበብ ለለመደ ሰው ይህ ብዙ ነው። መንገድ ነጥብ አይደለም፣ ረጅም መስመር ነው። እኔ እንዲህ ያለውን ነገር አጥር እለዋለሁ። የት እንዳላችሁ በትክክል ባታውቁም፣ አጥሩ በደቡብ በኩል ከሆነና ወደ ደቡብ ከሄዳችሁ፣ የሆነ ቦታ ላይ መግጠማችሁ አይቀርም። ወንዝም አጥር ነው። የመኪና መንገድ አጥር ነው። በዚያ አካባቢ ደግሞ ትሬይሉ ኦርቤተን ከተባለው ጅረት አጠገብ ያረጀ የባቡር ሐዲድ መስመር ያቋርጣል። እሱም አጥር ነው።

ነገር ግን ወደ ደቡብ መሄድ ስትሉት ነው ቀላል። ሜይን ጫካ ውስጥ ዛፉ ተጠጋግቷል፣ የወደቀው ግንድ በወደቀው ላይ ተጋድሟል፣ እያንዳንዱን ስትዞሩ አቅጣጫችሁ ትንሽ ትንሽ ይዛባል። በ2009 የጀርመኑ ማክስ ፕላንክ ተቋም ተመራማሪዎች ሰዎችን ጫካ ውስጥ ቀጥ ብላችሁ ሂዱ ብለው ለቀቋቸው። ፀሐይ ስትታይ ቀጥ ብለው ሄዱ። ደመና በሸፈነ ቀን ግን ክብ ሠርተው የራሳቸውን ዱካ እያቋረጡ ዞሩ፣ ቀጥ ብለው የሄዱ እየመሰላቸው። ስለዚህ ካርታው ብቻውን ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ ኮምፓስ ነው።

ኮምፓስን በተመለከተ ሰዎችን የሚያስፈራ አንድ ነገር አለ። መርፌው የሚያሳየው ሰሜን ካርታው ላይ ካለው ሰሜን ጋር አንድ አይደለም። ሜይን ውስጥ ልዩነቱ ወደ 16 ዲግሪ ይጠጋል፣ መርፌው ወደ ምዕራብ ያዘነብላል። ይህን ሳታስተካክሉ 1 ኪሎ ሜትር ብትሄዱ ከምትፈልጉት ነጥብ ወደ 280 ሜትር ትርቃላችሁ። አንዲት ትንሽ መጠለያ ለምትፈልጉ ይህ ከባድ ስህተት ነው። ረጅም አጥር ላይ ለመድረስ ግን ምንም አይደለም፤ አጥሩን 280 ሜትር ወዲያ ወይም ወዲህ ትገጥሙታላችሁ፣ አለቀ። የዲግሪ ሒሳብ የሚከብደው ሰው እንኳ ይህችን ያህል መማር ይችላል። በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚለመድ ነገር ነው።

ሁለተኛውን መልእክትም አስተውሉ። ከመንገዱ ሦስት ወይም አራት ማይል እንደራቁ ጽፈዋል፣ ማለትም ከ5 እስከ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ። የተገኙበት ቦታ ግን 3 ኪሎ ሜትር የማይሞላ ነው። በእንዲህ ያለ ጫካ ውስጥ የደከመና የፈራ ሰው የሄደው ርቀት ይበዛበታል። መንገዱ በጣም ሩቅ ነው ብሎ ያመነ ሰው ደግሞ ልሞክር አይልም። እዚህ ላይ ካርታው ሊናገር የሚችለው ነገር ነበር። ምን ያህል ሰዓት እንደሄዳችሁና መሬቱ ምን ያህል ዳገት እንደሆነ ካወቃችሁ፣ ካርታው "ይህን ያህል ልትርቅ አትችልም" ይላችኋል።

አሁን ወደ መጀመሪያዋ ደቂቃ ልመለስ፣ ሁሉም ነገር የተወሰነው እዚያ ነውና። ለመጸዳዳት ከመንገድ መውጣት። ተፈጥሮን ላለመጉዳት የሚሰጠው ምክር ከመንገድና ከውኃ 60 ሜትር ያህል፣ ማለትም ወደ 70 የአዋቂ እርምጃ ራቁ ይላል። ጥሩ ምክር ነው። ጥቅጥቅ ባለ ጫካ ውስጥ ግን መንገዱ ከ20 እርምጃ በኋላ ይጠፋል። ስትነሱ በአራቱም በኩል ያለው ዛፍ አንድ ዓይነት ነው። በቀኝ መጣሁ ወይስ በግራ? ሰው በልበ ሙሉነት የተሳሳተውን ይመርጣል፣ 70 እርምጃ ይሄዳል፣ መንገዱን አያገኝም፣ "ትንሽ ልቀጥል" ይላል። መጥፋት የሚጀምረው በዚህች "ትንሽ" ነው።

እኔ እንዲህ ነው የማደርገው። ከመንገዱ ከመውጣቴ በፊት ኮምፓሱን አያለሁ። ለምሳሌ ወደ ምሥራቅ እወጣለሁ እላለሁ፣ ድምፅ አውጥቼ። ስለዚህ መመለሻዬ ምዕራብ ነው። ደማቅ ቀለም ያለው ጨርቅ ወይም አንዱን የእግር ዱላዬን መንገዱ ዳር ትቼ እሄዳለሁ። በየ10 እርምጃው ዘወር ብዬ አያለሁ፤ መንገድ ከኋላ ሲታይ ሌላ መንገድ ነው። እርምጃዬን እቆጥራለሁ። ቦርሳዬን ግን አልተውም። አንዳንዶች ቦርሳቸውን መንገዱ ላይ ለምልክት ትተው እንዲገቡ ይመክራሉ። እነዚያን 26 ቀናት ሳስብ አልስማማም። እኚህ እናት ያን ያህል የቆዩት ድንኳናቸውና የመኝታ ከረጢታቸው ጀርባቸው ላይ ስለነበረ ነው።

ከጠፋችሁ ደግሞ ቁሙ። የመጀመሪያው ስሜት ሽቅብ መውጣት፣ ኔትወርክ መፈለግ ነው፣ እኔም ያንኑ አደርግ ነበር ብዬ እፈራለሁ። ነገር ግን ከመንገዱ 100 ሜትር የቆመ ሰውና 3 ኪሎ ሜትር የሄደ ሰው ለፈላጊ እኩል አይደሉም። ፈላጊዎች የሚጀምሩት ሰው መጨረሻ ከታየበት መስመር ነው፤ ከዚያ በራቃችሁ ቁጥር የሚፈተሸው መሬት በብዙ እጥፍ ይሰፋል። ከላይ ሲታይ ጫካው ክዳን ነው። አንድ የፍለጋ ውሻ ቡድን ከድንኳናቸው 100 ሜትር ገደማ ድረስ ቀርቦ እንደነበር ኋላ ታውቋል። እንግዲህ ያን ያህል ቀርቦም ሳይታይ ይታለፋል።

"ዛሬ ስልክ አለ" የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ልክ ነው፣ ብዙ ተለውጧል። የስልክ ጂፒኤስ ያለ ኔትወርክ ይሠራል፤ የሚቀበለው ከሳተላይት ስለሆነ ካርታውን አስቀድማችሁ ማውረድ ብቻ ነው የሚፈልገው። ይህን የማያውቅ ሰው ዛሬም ብዙ ነው። ኔትወርክ ሲጠፋ ስልኩ የሞተ ይመስለዋል። በእኔ እምነት ለረጅም ጉዞ ስልክና ወረቀት አብረው መሄድ አለባቸው። ስልኩ የት እንዳላችሁ በሴኮንድ ይነግራችኋል። ወረቀቱ ባትሪ አይጨርስም፣ ጅረት ውስጥ ቢወድቅ ይደርቃል፣ አካባቢውንም በአንድ ዕይታ ያሳያል። የሳተላይት መልእክት መላኪያም እመክራለሁ። እኚህ እናት እሱም ነበራቸው። ሞቴል ውስጥ ትተውት ነበር የወጡት። ቤት የቀረ መሣሪያና ያልተነበበ ካርታ ለእኔ አንድ ናቸው።

ሁሉም ረጅም መንገድ አፓላቺያን እንዳልሆነ ደግሞ ልብ በሉ። በምዕራብ አሜሪካ ያለው ፓሲፊክ ክሬስት ትሬይል ከ4,200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ በወቅቱ መጀመሪያ ሴራ ኔቫዳ ተራሮች ላይ በረዶ መንገዱን ሙሉ በሙሉ ይሸፍነዋል። ኮንቲኔንታል ዲቫይድ የተባለው ትሬይል ደግሞ ወደ 5,000 ኪሎ ሜትር ሆኖ በየቦታው አማራጭ መስመር አለው። እዚያ ካርታ መያዝ ክርክር አይደለም።

የካርታ ምርጫም ነገር አለው። መንገዱን ብቻ ይዞ ግራና ቀኙን ቆርጦ የሚጥል ጠባብ ካርታ አለ። ቀላል ነው፣ ይታጠፋል፣ ይወደዳል። ከመንገዱ 3 ኪሎ ሜትር ስትወጡ ግን ከወረቀቱም ወጥታችኋል። የሚያስፈልጋችሁ በመንገዱ ወዲያና ወዲህ ቢያንስ ጥቂት ኪሎ ሜትር የሚያሳይ፣ የከፍታ መስመሮች ያሉት ነው። ካርታ የምትይዙት መንገዱን ለማወቅ አይደለም፣ መንገዱን ቀለሙ ያሳያችኋል። የምትይዙት መንገድ ያልሆነውን ለማወቅ ነው።

ይህ ሁሉ ጠዋት አምስት ደቂቃ ነው የሚፈልገው። ሻይ እስኪፈላ። የዚያን ቀን ካርታ ብዘረጋ ኖሮ ምን እንደማይ ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። ከፖፕላር ሪጅ ቁልቁል ወደ ኦርቤተን ጅረት። ጅረቱን ተሻግሮ ዳገት፣ ያረጀው የባቡር መስመር፣ የጫካው መንገድ። ከዚያ ፐርሃም ጅረት፣ ሎን ተራራ፣ ወደ ኤብርሃም ተራራ የሚገነጠለው መንገድ፣ በመጨረሻ ስፖልዲንግ መጠለያ። ከመነሻ እስከ ማደሪያ 13 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከዚያ እርሳስ አወጣለሁ። እያንዳንዱን ክፍል ስጨርስ በካርታው ጠርዝ ላይ ሰዓቱን እጽፋለሁ። የጫካውን መንገድ ስሻገር ደግሞ ቆም ብዬ ከጎኑ አንድ መስመር እጨምራለሁ፦ "ከዚህ በኋላ ከጠፋሁ ወደ ደቡብ፣ እስከ መንገዱ።"